ሁለት ወር በኢስታንቡል፦ ቤተሰብ ይዞ እንደ ሰፈር ሰው ለመኖር

ኢስታንቡል በገባን በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ልጄን በስሟ ጠራት። ስሟን ትንሽ አጣሞታል። ግን ጠራት። ስንት እንደምትፈልግ ሳይጠይቃት ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። እሷም ሒሳቡን ከፍላ «ኮላይ ገልሲን»፣ ይቅለልህ፣ ብላው ወጣች። ከዚያ ሁሉ ቆይታችን አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

አያሶፊያንም ሰማያዊውን መስጊድም አይተናል። ያምራሉ። ግን እነሱን ለማየት ሦስት ቀን ይበቃል። ሁለት ወር የሚያስፈልገው ዳቦ ጋጋሪው ስምህን እንዲያውቅ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት አንድ ወርና ከዚያ በላይ ቤተሰብ ይዘው ለሚቆዩ ሰዎች ነው። እኛ አምስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆቻችን፣ እናቴም አብራን ነበረች። አያት ይዞ መሄድ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ሰፈሩን የከፈተችልን እናቴ ናት እላለሁ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፦ ጊዜውንና ወረቀቱን አስተካክሉ

ትምህርት ሲዘጋ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወጥተን ጳጉሜን ሳትገባ ተመለስን። አዲስ አበባ ዝናብና ጭቃ ሲሆን እዚያ ጠራራ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ስስ ልብስ ያዙ።

ለልጆችም ለሽማግሌም ትልቁ ጥቅም ሰዓቱ ነው። ቱርክ ከ2016 ጀምሮ ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ መቀያየር ትታለች። ከእኛ ጋር አንድ ሆናለች። እንቅልፍ አይዛባም፣ አያት መድኃኒቷን በለመደችው ሰዓት ትወስዳለች። አቆጣጠሩ ብቻ የፈረንጅ ነው፤ የእኛን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እነሱ ስምንት ይሉታል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛው የሚፈቅደውን ቀን በደንብ አንብቡና የመመለሻ ትኬቱን ከሱ አሳንሳችሁ ቁረጡ። ከውጭ የገባ ስልክ በቱርክ ሲም ካርድ ሲሠራ ቆይቶ ካልተመዘገበ ከ120 ቀን በኋላ ይዘጋል። ለሁለት ወር ግን አያሳስባችሁም።

ሁለተኛ፦ ቤቱን ሳይሆን ሰፈሩን ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛም ተሳስተናል። መጀመሪያ የያዝነው ቤት በፎቶ ልብ የሚሰርቅ ነበር። ከቱሪስቱ መሐል ነው፣ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው ተባልን። ስንደርስ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም፣ ታች ያሉት ሱቆች በሙሉ ምንጣፍና ማስታወሻ ዕቃ የሚሸጡ ናቸው። ሽንኩርት የሚሸጥ አጣን። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ሳይ እዚያ መኖር እንደማንችል ገባኝ። ቅድሚያ የከፈልነው ብር ቀረ።

ኢስታንቡል ግማሿ አውሮፓ ግማሿ እስያ ነው። ከዚያ ባሕሩን ወደ እስያው ወገን ተሻገርን። ካድኮይ የሚባል ሰፈር ገባን፣ ከጀልባው ወደብ በእግር ሩብ ሰዓት። እኔ ለቤተሰብ የምመክረው ካድኮይን፣ በተለይ ሞዳ የሚባለውን ክፍል ነው። መንገዱ ብዙ ዳገት የለውም፣ ባሕሩ ዳር ሰፊ ሣር አለ። ጸጥታ የሚፈልግ ኡስኩዳርን ወይም ኩዝጉንጁክን ይይ። ኩዝጉንጁክ ትንሽ ሰፈር ናት፤ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ምኩራቡ ጎን ለጎን የቆሙባት። ቁልቁለትና ዳገቷን ግን አስቡበት።

ቤት ስትይዙ እነዚህን ጠይቁ። ሊፍት አለው? ዳቦ ቤት፣ አትክልት ሻጭና ፋርማሲ በአምስት ደቂቃ ይደረስባቸዋል? ማብሰያ ክፍሉ እውነተኛ ነው ወይስ ሻይ ማፍያ ብቻ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈቃድ አለው? ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ቤትን ከ100 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ለቱሪስት የሚያከራይ ሰው ከባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለዚያ ደግሞ የሕንፃው ባለቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ለእናንተም ጥሩ ነው። ጎረቤቶቹ የተስማሙበት ቤት ውስጥ ስትገቡ ደረጃ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ፊቱን አያጠቁርባችሁም።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት የትም አትሂዱ

ይህ የሚከብድ ምክር ነው። ያን ያህል ገንዘብ አውጥተን መጥተን ቤት ልንቀመጥ ነው ወይ ትላላችሁ። እመኑኝ፣ አንድ ሳምንት ስጡት። ያ ሳምንት የኑሮ መሠረት የሚጣልበት ነው።

ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ከተመሳሳይ ቤት ዳቦ ግዙ። ዳቦ ቤቱን ፍርን ይሉታል። እኛ ይህን ሥራ ለትልቋ ልጅ ሰጠናት። መጀመሪያ አባቷ ከኋላ ሆኖ ይከተላት ነበር፣ በአምስተኛው ቀን ብቻዋን ሄደች። ዳቦ ቤት በር ላይ ቅርጫት ወይም ጽሑፍ ካያችሁ «አስክዳ ኤክመክ» መሆኑን ጠይቁ። የተሰቀለ ዳቦ ማለት ነው። ሁለት ከፍለህ አንዱን ትወስዳለህ፣ ሌላውን ለቸገረው ትተዋለህ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ በየአርቡ አንድ እንስቀል አሉ። እስክንመለስ ድረስ አላቋረጡም።

የቧንቧ ውኃ ለዕቃና ለገላ ነው። የሚጠጣውን የሰፈሩ ሰው በ19 ሊትር ጀሪካን ነው የሚያስመጣው። ስሙ ዳማጃና ነው። ባዶውን ትሰጣለህ፣ ሙሉውን ትወስዳለህ። ትንንሽ ዕቃ ከባካል ግዙ፣ ባካል የኛ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። በአንዳንድ ሰፈር አሮጊቶች ከፎቅ ላይ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ። ባለሱቁ ወተቱንና እንቁላሉን ይጨምርበታል፣ ቅርጫቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ትንሹ ልጄ ይህን ለማየት መስኮት ላይ ቆሞ ይውል ነበር።

ቤት ስትገቡ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የነጠላ ጫማ ለእያንዳንዱ ሰው ግዙ፣ ለእንግዳም ሁለት ጨምሩ። እንግዳ ይመጣል።

አራተኛ፦ አሥር ቃል ተማሩ፣ በየቀኑ ተጠቀሙባቸው

ቱርክኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። «እኔ ዳቦ እፈልጋለሁ» ብላችሁ የአማርኛውን ቅደም ተከተል ሳትነኩ ቃሉን ብቻ ብትተኩ ያስኬዳል። ነጥብ የሌላት «አይ» ፊደል አለቻቸው፣ ሌላው ዓለም እሷን ለመጥራት ይቸገራል። የእኛ ሳድስ ድምፅ ናት። ካድኮይ ስትሉ «ድ»ን በሳድስ ካላችኋት በትክክል ጠርታችኋታል።

አጠራራቸውም የኛኑ ይመስላል። ታላቅ ወንድን «አቢ»፣ ታላቅ ሴትን «አብላ»፣ እናት የምታክል ሴትን «ተይዜ»፣ አባት የሚያክልን «አምጃ» ይላሉ። ጋሼና እትዬ ሲል ላደገ ልጅ ይህ አዲስ አይደለም። ባለሱቁን አቢ ብላችሁ ስትጠሩት ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

ሌሎቹ እነሆ። ሥራ ላይ ያለን ሰው ስታዩ «ኮላይ ገልሲን» በሉ፤ ይቅለልህ፣ ይቅናህ እንደማለት ነው። ጠራጊውን፣ ሹፌሩን፣ ገንዘብ ተቀባይዋን፣ ሁሉንም። ምግብ ለሠራ ሰው «ኤሊኒዜ ሳልክ»፣ ለእጅዎ ጤና ማለት ነው። እጅሽ ይባረክ ከሚለው ምን ይለያል? ለታመመ «ገችሚሽ ኦልሱን»፣ ያለፈ ይሁን። ልጃችሁን ሲያዩ «ማሻላህ» ይሏችኋል፣ ጉንጩንም ይነኩታል። ልጆቻችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እንዳይደነግጡ።

አምስተኛ፦ ገበያ በሳምንት አንዴ፣ ያለ ቀሪ

እያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን የሚቆም ገበያ አለው፣ ፓዛር ይሉታል። የካድኮይ ትልቁ ገበያ ሳሊ ፓዛሪ ነው፣ የማክሰኞ ገበያ ማለት። ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ የወይራ ፍሬው በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል፣ ጨርቁና ድስቱ ደግሞ ሌላ ረድፍ አለው። ሻጩ ሮጦ መጥቶ ኮክ ቆርጦ ያቀምሳችኋል።

ጥሬ ብር ያዙ፣ ባለ ጎማ የገበያ ጋሪም ግዙ። ለልጆቹ ለየብቻቸው ገንዘብና ሥራ ስጧቸው። የእኛ ትንሹ የሐብሐብ ኃላፊ ነበር። እንደ ሻጮቹ በጣቱ እየመታ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። ጠዋት ስትሄዱ ጥሩ ጥሩውን ታገኛላችሁ፣ ወደ ማታ ስትሄዱ ዋጋው ይወርዳል። እናቴ ማታውን መረጠች።

ስድስተኛ፦ ወራጅ አለ

ኢስታንቡልካርት የሚባለውን ካርድ ከቢጫው ማሽን አውጡ። ለአውቶቡስ፣ ለሜትሮ፣ ለትራም፣ ለጀልባም ይሠራል። ከጀልባ የሚበልጥ መጓጓዣ ግን የለም። ከካድኮይ በአውሮፓው ወገን ወዳለው ኤሚኖኑ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ሻይ በቱሊፕ ቅርጽ ብርጭቆ ይመጣል፣ ልጆች ሲሚት፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ቀለበት ዳቦ፣ እየቆረሱ ለባሕር ወፎች ይወረውራሉ። ከእስያ ወደ አውሮፓ ተሻግራችሁ ማለት ነው። እኛ ድካም በተሰማን ቁጥር የትም ሳንወርድ ሄደን እንመለስ ነበር።

ዶልሙሽ የሚባለውን ሚኒባስ ታክሲ ግን ሳትሳፈሩ አትመለሱ። ስሙ «የሞላ» ማለት ነው፣ ካልሞላ አይነሳም። ሒሳብ ከኋላ ወደ ፊት በሰው እጅ ይተላለፋል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። መውረጃችሁ ሲደርስ «ኢነጀክ ቫር» በሉ። ቃል በቃል «ወራጅ አለ» ነው! ባለቤቴ ይህን ያወቀ ቀን ከቦስታንጂ እስከ ካድኮይ ደስ ብሎት መጣ።

ሰባተኛ፦ ጾሙን አትፍሩት

በክረምት የሚሄድ ኦርቶዶክስ ሁለት ጾም ያገኘዋል። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትነሳ ሻንጣዋ ግማሹ ሽሮና በርበሬ ነበር። በሰው አገር ምን ልበላ ነው ብላ ነው። መያዟ ጥሩ ነበር፣ ግን ግማሹ ተረፋት።

ምክንያቱ ዘይቲንያሊ የሚባለው የምግብ ዓይነት ነው። በወይራ ዘይት የሚሠራ፣ ሥጋም ቅቤም የማይገባበት፣ ቀዝቅዞ የሚቀርብ። ፎሶሊያ፣ የአርቲቾክ ልብ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የታጨቀ ደበርጃን። ሠራተኛው የሚመገብበት ሎካንታ ግቡ። ምግቡ በሙሉ በትሪ ተደርድሮ ይታያል። በጣት እያሳያችሁ ማዘዝ ነው። «ኤት ቫር ም?» ሥጋ አለው? «ሱት ቫር ም?» ወተት አለው? «ተሬያ ቫር ም?» ቅቤ አለው? ሾርባ ላይ በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሱ፤ የምስሩ ሾርባ ብዙ ጊዜ ቅቤ ይነካዋል። ሲሚት አብዛኛውን ጊዜ የጾም ነው።

ለቅዳሴ ደግሞ የአርመን ቤተ ክርስቲያንን ፈልጉ። በእምነት ከእኛዋ ጋር እኅትማማች ናት። ካድኮይ ገበያ መሐል ሱርፕ ታካቮር የምትባለው አለች። ቋንቋው ባይገባም ዕጣኑና ዜማው ቤታችሁ ያደርሳችኋል። አርመኖች የእመቤታችንን በዓል ነሐሴ ላይ ሲያከብሩ ወይን አስባርከው ለምእመኑ ያድላሉ። እናቴ ያንን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት አመጣችው። ለፍልሰታ የሚሆን በረከት አገኘሁ አለች።

ስምንተኛ፦ ጎረቤት እንዲገባ በሩን ክፈቱ

በገባን በሁለተኛው ሳምንት በር ተንኳኳ። ከታች ያሉት ሴትዮ ናቸው። በእጃቸው በሰሐን የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል። «አሹሬ» አሉና እጄ ላይ አስቀመጡት። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዘቢብና የደረቀ አፕሪኮት አንድ ላይ ተቀቅሎ ከላዩ ሮማንና ለውዝ ተነስንሶበታል። በእስልምና አቆጣጠር በሙሐረም ወር ተሠርቶ ለጎረቤት የሚታደል ነው። እናቴ አየችው፣ አሸተተችው፣ «ንፍሮ አይደለም እንዴ፣ ስኳር የገባበት!» አለች። ጾም መሆኑን አረጋግጣ በላች።

ከዚያ ሳህኑን አጠበችና ዳቦ ቆሎ ሞላችበት። ባዶ ዕቃ አይመለስም አለች። ይህን ያደረገችው በእኛ ወግ ነው። የእነሱም ወግ ያው መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። ሴትዮዋ የሞላውን ሳህን ሲያዩ እናቴን እዚያው ደረጃው ላይ አቅፈው ሳሟት።

ከየት ናችሁ ሲሉን ኢትዮጵያ አልን። ትንሽ አሰቡ። «ሐበሺስታን!» አሉ። ቀጥለው «ቢላል ሐበሺ» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በዕድሜ የገፉት አገራችንን በዚህ ስም ያውቋታል፤ የመጀመሪያው ሙአዚን፣ አዛን ጠሪው፣ የቢላል አገር ናት።

በማግሥቱ እናቴ ቡና ጠራቻቸው። ጀበናዋን ይዛ ነው የመጣችው። ቡናው ሲቆላ እጃቸውን ጭሱ ላይ ዘርግተው ወደ ፊታቸው ሳቡት፣ ማንም ሳያሳያቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ተራው የሳቸው ሆነ። የሳቸው ቡና በጄዝቬ፣ ረጅም እጀታ ባላት ትንሽ ማፍያ፣ ነው የሚፈላው። አንዴ ገንፍሎ ሳይወርድ አረፋው ለየሲኒው ይከፈላል። አተላው ሲኒው ውስጥ ይቀራል። አጠገቡ ውኃና ሎኩም የሚሉት ጣፋጭ አለ። ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ሲኒውን ደፍተው ዕድል ሊያነቡላችሁ ይችላሉ። እናቴ ሲኒ ማየቱን አልወደደችውም። ሲኒዋን በቀስታ አቅንታ አስቀመጠችው። ሴትዮዋም ገባቸው፣ ዳግም አላነሱባትም።

እንግዲህ ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ስትወጡ ለሰው የሚሰጥ ነገር ያዙ፤ የተቆላ ቡና፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንንሽ መሶብ። መጀመሪያ እስኪጠሯችሁ አትጠብቁ። በገባችሁ በሦስተኛው ቀን ትንሽ ነገር በሳህን አድርጋችሁ የጎን በር አንኳኩ። ሽማግሌ ካላችሁ እሳቸውን አስቀድሙ። እናቴና ሴትዮዋ አንድ ቃል እንኳ በጋራ አልነበራቸውም። ሰዓት ሙሉ ወይን ቅጠል እየጠቀለሉ ያወሩ ነበር፣ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በቱርክኛ።

ሰው ቤት ስትጋበዙ በባዶ እጅ አትሂዱ። ባቅላቫ ወይም ፍራፍሬ ይበቃል። ገና ስትገቡ መዳፋችሁ ላይ ሽቶ ያለው ኮሎንያ ይፈስላችኋል። እጃችሁን አሹት። ልጆች ዓይናቸውን እንዳይነኩ ብቻ።

ዘጠነኛ፦ ልጆቹን ለሜዳው ተዉአቸው

በነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ የኢስታንቡል ልጅ የሚጫወተው ማታ ነው። ፀሐይ ሲበርድ ቤተሰቡ በሙሉ ባሕር ዳር ይወጣል። ምንጣፍ፣ ሻይ በቴርሞስ፣ የሱፍ ፍሬ በወረቀት። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ሕፃናት ይሯሯጣሉ። እኛም ምንጣፍ ገዛን። የሞዳ ሣር ላይ በየማታው አንድ ቦታ እንቀመጥ ነበር። በአራተኛው ማታ ትንሹ ልጄ ኳስ ቡድን ውስጥ ገባ። ቱርክኛ የተማረው እዚያ ነው፤ «ፓስ» እና «ጎል» አስቀድሞም ያውቃል፣ «ባና አት» ጨመረ፣ ለኔ ወርውር።

አንድ ሌሊት ትኩሳት ያዘው። እንዲህ ሲያጋጥም ሰፈር ውስጥ ቀይ ምልክት ያለበት ፋርማሲ ሂዱ፣ ኤጅዛኔ ይባላል። ቢዘጋም በሩ ላይ የዚያ ሌሊት ተረኛ የትኛው እንደሆነ ተለጥፏል። ለባሰ ነገር የአደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ነው። ዋናው ግን ፋርማሲውን በሽታ ሳይመጣ በፊት ቀን ላይ ሄዶ ማየት ነው። በጨለማ ለመጀመሪያ ጊዜ መፈለግ ጭንቅ ነው።

ጉብኝቱን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አድርጉት። እኛ ረቡዕና ቅዳሜን መረጥን። የቀረው ቀን የዳቦ፣ የገበያ፣ የልብስ ማጠብና የቡና ቀን ነው።

አሥረኛ፦ ስትመለሱ ተሰናበቱ

ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊት ዳቦ ቤቱን፣ ባካሉን፣ የፓዛሩን ሰው ዞራችሁ ተሰናበቱ። የሰው ሳህን እቤታችሁ ካለ ሞልታችሁ መልሱ። የተረፈውን ሽሮ እናቴ ለሴትዮዋ ሰጠቻቸው። አሠራሩን በእጇ አሳየቻቸው፣ እኔ በቱርክኛ ጻፍኩላቸው።

ታክሲው ሲነሣ ከኋላችሁ ውኃ የሚረጭ ሰው ካያችሁ አትደንግጡ። እንደ ውኃ ሂዱ፣ እንደ ውኃ ተመለሱ ማለታቸው ነው። ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው ነበር። ውኃውን የረጩት ያን የአሹሬውን ሳህን ይዘው ነው።